መብራት ሲጠፋ የሚሰጥ ትምህርት

ነገሩ ከተነገረ አራት ክረምት አልፏል፤ ይታገሱ የሚያስታውሰውም ግማሹን ብቻ ነው። ፍኖተ ሰላም ዳር፣ ድሮ የእህል መጋዘን በነበረችው የኤሌክትሪክ ማሰልጠኛ ውስጥ፣ ዝናብ ቆርቆሮውን እየደበደበው የፈተና ወረቀት ያርም ነበር። ተማሪዎቹ ከመስኮቱ ሥር ግድግዳ ተጠግተው ቆሎ እየቆረጠሙ ያወራሉ። አንዱ፣ «ታዲያ መብራት ጠፍቶ ሳለ ጎረቤት ጀነሬተር ቢያስነሣስ? ኃይሉ በሽቦው ተመልሶ አይመጣም?» አለ። ሌላው ሳቀና፣ «አንተ ደግሞ! ባለ ጀነሬተር ጎረቤት ካገኘህ ሽቦውን ተውና ልጁን አግባ» አለው። ሁሉም ሳቁ። ከዚያ በኋላ የተባለ ነገር አለ፤ «ጋሼን እንጠይቃቸው» ይሁን፣ «ቢሆንማ ጋሼ ይነግሩን ነበር» ይሁን፣ ዝናቡ በረታና አልሰማውም። ተነሥቶ ቢወጣ ሁለት ደቂቃ አይፈጅበትም ነበር። ግን የያዛቸው ወረቀቶች አላለቁም፤ ጥያቄውም ያለው ገና ያልደረሱበት ምዕራፍ ላይ ስለሆነ ሲደርሱበት እነግራቸዋለሁ ብሎ ተወው። ምዕራፉን ሳይደርሱበት ተመረቁ። አሁን፣ ቀን በቀን፣ ያንን ድምፅ ለመለየት ጆሮውን ይቀስራል። የጠየቀው ዘሚካኤል ነበር? ወይስ የሳቀው?

ዛሬ የዘሚካኤል አርባው ነው። ይታገሱ ሸሚዙን ለብሶ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጧል። የተከራዩት ቤት አንድ ክፍልና አንዲት ጓዳ ነው፤ በመካከል መጋረጃ አለ፤ ከመጋረጃው ወዲያ ሚስቱ ሥርጉት ነጠላውን በእጇ እያሻሸች ታጥፋለች። ለአርባው የገዛችው ጧፍ በጋዜጣ ተጠቅልሎ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። ትናንት ከገበያ ስትገባ፣ አምና ስልሳ ብር የነበረው እስር መቶ ሃያ ገባ ብላ፣ ለእሱ ሳይሆን ለግድግዳው ስትናገር ሰምቷታል፤ ከዚያ ወዲህ አልተነጋገሩም። የተጣሉ አይደሉም። ወሬው ከመጣ ጀምሮ እንዲህ ናቸው፤ እሷ የገባትን ነገር አታወጣውም፣ እሱም እንደገባት እያወቀ አይጠይቃትም። ሁለቱም ድስቱ፣ ውኃው፣ የቤት ኪራዩ ላይ ብቻ ይነጋገራሉ።

«ከቀብሩ ቀረህ» አለች በመጨረሻ፣ መጋረጃውን ሳትገልጥ። «ከሰልስቱም ቀረህ። ዛሬ ሄደህ ምን ልትላቸው ነው?»

«እግዚአብሔር ያጥናችሁ እላቸዋለሁ።»

«እሱንማ ሁሉም ብሏቸዋል» አለችና ነጠላውን በመጋረጃው ሥር አቀበለችው።

ዘሚካኤል የሞተው ቡሬ ውስጥ፣ በመሠራት ላይ ባለ የእንግዳ ማረፊያ ጣሪያ ሥር ነው። ሃያ አራት ዓመቱ ነበር። አብሮት የሚሠራው ስመኘው፣ እሱም የይታገሱ ተማሪ የነበረ፣ ከቀብሩ በማግስቱ ማሰልጠኛው ድረስ መጥቶ እያለቀሰ ነገረው። የማረፊያው መስመርና ከጎኑ ያለው ሻይ ቤት መስመር ከአንድ ቆጣሪ የተቀጠሉ ኖረዋል። መብራት ጠፋ። ዘሚካኤል መሰላሉን አቁሞ ወጣ፤ ሽቦውን ልጦ በባዶ እጁ ሲያገናኝ ባለ ሻይ ቤቱ ጀነሬተሩን አስነሣ። የቆጣሪውን ዋና ማጥፊያ፣ ብሬከሩን፣ ያጠፋ ሰው አልነበረም፤ ኃይሉ በሽቦው ተመልሶ መጥቶ ልጁን እመሰላሉ ላይ እንዳለ ያዘው። ስመኘው ይህን ሁሉ ተናግሮ ሲጨርስ መምህሩን የሚያጽናና መስሎት አንድ ነገር ጨመረ። «ጋሼ፣ እርስዎ እንዳስተማሩን ነው እኮ የሠራ። ጧቱን ሙሉ መብራት እስኪጠፋ ጠብቆ ነው የወጣ። እኔ እንጀምር ስለው፣ ‹ቆይ፣ መብራት ሲጠፋ ነው ሽቦ የሚነካ ብለውናል ጋሼ› አለኝ።»

ይታገሱ ብሏል። አንድ ቀን ሳይሆን እነዘሚካኤል በተማሩበት ሁለት ዓመት ሙሉ ብሏል። የማሰልጠኛው ባለቤት፣ የሽቦ መለማመጃው ሰሌዳ አንድ ጊዜ ተቃጥሎ ካስደነገጣቸው ወዲህ፣ ተማሪ ኃይል ያለበት ሽቦ እንዳይነካ ከልክለው ነበር። ጓንት የለም። ሽቦ ኃይል እንዳለው የሚለየው ቴስተር አንድ ነው፤ እሱም ባለቤቱ መሳቢያ ውስጥ ይቆለፍበታል። የድሃ ልጆች ከገጠር መጥተው ሥዕል ብቻ ሲገለብጡ ማየት አንገበገበውና ይታገሱ የራሱን ዘዴ ፈጠረ። ፍኖተ ሰላም መብራት የሚጠፋበት ቀን አይታጣም፤ በጠፋ ቁጥር ጠመኔውን ይጥልና፣ «ተነሡ! እጅ ወደ ሥራ! መብራት ሲጠፋ ነው ሽቦ የሚነካ!» ይላል። ልጆቹ እየተገፋፉ፣ እየጮኹ ወደ መለማመጃው ሰሌዳ ይሮጣሉ፤ ይልጣሉ፣ ይጠመዝዛሉ፣ ያስራሉ። መብራቱ ሲመለስ «ወይኔ!» ብለው ወደ ወንበራቸው ይመለሳሉ። በማስተማር ዘመኑ ከዚህ የበለጠ የሚኮራበት ነገር አልነበረውም። ከሥራ በፊት ዋናውን ማጥፋት የሚለውማ በደብተር ተጽፏል፤ በፈተናም መጥቷል፤ ዘሚካኤልም ሙሉ ውጤት አግኝቶበታል። እጁ ግን አንድም ቀን አድርጎት አያውቅም። መብራት በሌለበት ክፍል ምኑን ያጠፋል?

ወደ ገበዝ ማርያም ከተማ የምትሄደው ሚኒባስ መናኸሪያ ውስጥ እስክትሞላ አንድ ሰዓት ቆመች። ታሪፉ ሌላ፣ የሚከፈለው ሌላ ነው፤ አንዲት ሴትዮ ተከራክራ ተከራክራ በመጨረሻ ከፈለች። ይታገሱ መስኮቱ ሥር ተቀመጠ፤ ጧፉን ጭኑ ላይ ያዘ። ከጎኑ የተቀመጡት ሽማግሌ ከከተማ የገዙትን የብረት ማረሻ እግራቸው ሥር አስቀምጠው ጫማውን፣ ሸሚዙን፣ ኪሱ ላይ የሰካውን እስክሪብቶ ካዩ በኋላ ጠየቁት።

«የምን መምህር ነዎት?»

«መምህር መሆኔን ማን ነገረዎ?»

«እስክሪብቶዎ።»

«የኤሌክትሪክ ነኝ።»

«የመብራት?» ሽማግሌው ዞረው ለተሳፋሪው ሁሉ አሰሙ። «ሰማችሁ? መብራትም ይማሩታል! እኛ ዘንድ ምሰሶውን ተክለውልን ከሄዱ ስድስት ዓመቱ ነው። ሽቦው ገና ትምህርት ላይ ኖሯል በሉኛ! ሲመረቅ ይመጣል።»

መኪናው በሳቅ ሞላ። ታሪፍ የተከራከረችው ሴትዮ ከኋላ፣ «ምሰሶውስ ቢሆን ምን አጣ አባባ? ላሞችዎ ይታከኩበታል» አለች፤ ሽማግሌውም፣ «እነሱማ አመስግነዋል፤ ‹ደርሶናል ብላችሁ ፈርሙ› ብንባል እነሱ ይፈርሙ ነበር» አሉ። ይታገሱም ሳቀ፤ ከአርባ ቀን ወዲህ የመጀመሪያው ነው፤ ወዲያው አፈረ። ሽማግሌው ሳቃቸውን ሳይጨርሱ ወዴት እንደሚሄድ ጠየቁት። ወደ አያ ክንዱ ቤት፣ የልጃቸው አርባ ላይ እንደሆነ ነገራቸው።

«እ… ያ መብራት የበላው ልጅ» አሉና ማተባቸውን ነካ አደረጉ። «ነፍስ ይማር። ጠጥቶ ነው የወጣ ይላሉ። የሞተ አይታማም፤ ቢሆንም ሰው ይላል።»

ዘሚካኤል ጠጪ አልነበረም። የምርቃታቸው ቀን እንኳ ጓደኞቹ ቢራ ሲከፍቱ እሱ ለስላሳ ይዞ ነበር፤ ጠርሙሱን ሲያነሣ የነበረው ፈገግታ ሳይቀር ይታገሱ ዓይን ላይ አለ። ይህን ለመናገር አፉን ከፈተ። ሽማግሌው ግን ማረሻቸውን ለማስተካከል ጎንበስ ብለው ነበር፤ ቀና እስኪሉ ድፍረቱ አለፈ። ምሰሶዎቹን በመስኮት እያየ ሄደ። ራቁታቸውን፣ በየኮረብታው፣ እስከ ዓይን ማብቂያ ተደርድረዋል።

ከገበዝ ማርያም የአያ ክንዱ ቀበሌ በእግር አንድ ሰዓት ተኩል ነው። ጥር ስለሆነ አውድማው ሁሉ ተወቅቶ አልቋል፤ ገለባው በየደጁ ተከምሯል። ይታገሱ ብቻውን ሲሄድ ያው ሐሳቡ መጣበት። እሱስ ማን ነው? ከክፍሉ አንደኛ ወጥቶ፣ በተመረቀ በወሩ አስተምር ተብሎ ጠመኔ የተሰጠው ሰው ነው። አንድም ቤት መስመር ዘርግቶ አያውቅም። የራሱ ቤት አምፖል ሲበላሽ የሚጠራው ይርሳውን ነው፤ ይርሳው ከስድስተኛ ክፍል የወጣ፣ ስሙን በግድ የሚጽፍ፣ በሰው ጣሪያ ላይ ያረጀ ሰው ነው። አንድ ጊዜ፣ ከሁለት ዓመት በፊት፣ ሲጠሩት መብራት ጠፍቶ ነበር፤ ይርሳው ገብቶ እንደምን ዋላችሁ ከማለቱ በፊት ወደ ቆጣሪው ሄዶ ዋናውን አጠፋ። ይታገሱ ሳቀበት። «አንተ ይርሳው፣ መብራት እኮ የለም!» ይርሳው ካቻቢቴውን ጥርሱ ላይ እንደያዘ፣ «ሲመጣ ሳይነግረኝ ነው የሚመጣ፣ ጋሼ» አለና ሥራውን ቀጠለ። ይታገሱ ያን ቀን ለሥርጉት፣ ያልተማረ ሰው ፍርሃቱ ይገርማል ብሎ አጫውቷት ነበር። አብረው ስቀዋል።

ቤተ ክርስቲያን ሲደርስ ፍትሐቱ ተጀምሯል። ጧፉን ሰጥቶ ከወንዶቹ ኋላ፣ ከወይራው ሥር ቆመ። የሟቹ ክርስትና ስም በተጠራ ቁጥር ሴቶቹ በኩል አንድ ድምፅ ይሰማል፤ ለቅሶ አይባልም፣ ትንፋሽ ነው፤ የሚወጣው ግን ከአንዲት ሴት ብቻ ነው። ይታገሱ ለነፍሱ ሊጸልይ ሞከረ። ጸሎቱ ሲጀመር ያንተ ባሪያ ይላል፤ ሳይጨርሰው የልጁ የፈተና ወረቀት ይመጣበታል፤ ቀጥ ያለ ጽሕፈት፣ ከሥሩ በመስመር የተሰመረበት፤ ከሥራ በፊት ዋናውን ማጥፋት። ጎኑ ላይ ቀይ የራይት ምልክት፤ የእሱ የራሱ እርማት።

ከቅዳሴው በኋላ ቄሶቹ ቀድመው፣ ሕዝቡ ተከትሎ ወደ አያ ክንዱ ቤት ወረደ። ባለ ቆርቆሮ፣ ሁለት ክፍል ቤት ነው፤ ግድግዳው በአዲስ ጭቃ ተለስኗል። አያ ክንዱ፣ አጭር፣ ጠንካራ፣ ፂማቸው የሸበተ ሰው፣ እደጃፉ ላይ ሆነው እንግዳ ይቀበላሉ። ይታገሱ ማን እንደሆነ ሲነገራቸው ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ያዙት። «አስተማሪው? እርስዎ ነዎት? ይህን ሁሉ መንገድ በእግር?» አሉና ከቄሶቹ ቀጥሎ፣ አጎዛ ተነጥፎበት እመደቡ ላይ አስቀመጡት። ሰዎቹ ተነሥተውለት እጅ ነሡት። ጠላ ተቀዳለት፤ ዳቦ ተቆርሶ ቀረበለት። ከመቀመጫው ቀና ሲል ሽቦውን አየ።

ከበሩ ጀምሮ በግድግዳው ጠርዝ፣ ከዚያ በወጋግራው በኩል ወደ መካከል፣ ነጭ ሽቦ በየስንዝሩ በምስማር ተይዞ ተዘርግቷል። ማጠፊያው ላይ ቀጥ ያለ ማዕዘን አለው። በበሩ በስተቀኝ ማብሪያ ማጥፊያ፣ በመደቡ አጠገብ ሶኬት፣ ከመካከሉ አምፖል የሌለው የአምፖል ማቀፊያ ተንጠልጥሏል። መንደሩ ውስጥ መብራት የለም። ምሰሶው ያለው እወንዙ ማዶ ነው። የልጁ እናት ወይዘሮ አቻምየለሽ ዓይኑን ተከትለው አዩና ከሴቶቹ መካከል ሆነው ተናገሩ።

«አምና ለፋሲካ መጥቶ ነው የሠራው። ‹መብራቱ ሲመጣ እናንተ ዘንድ ቀድሞ እንዲገባ› አለን። እኔም ጭስ እንዳይበላው በጨርቅ እጠርገዋለሁ።»

ይታገሱ መስመሩን በዓይኑ ተከተለው። ስሕተት አላገኘበትም። ከመማሪያው ሥዕል ላይ ተነሥቶ ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ይመስላል። ከሶኬቱ በላይ፣ ከቅዱስ ሚካኤል ሥዕል ጎን፣ በመስታወት ውስጥ የልጁ የብቃት ወረቀት ተሰቅሏል፤ ከታች በሰማያዊ ቀለም የይታገሱ ፊርማ አለ።

ለጥቂት ጊዜ ስለ እህል፣ ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ መንገድ ተወራ። የእናትየው ወንድም አድማሴ፣ ረጅምና ቁጡ ሰው፣ ሁለት ዋንጫ ጠጥቶ ሦስተኛውን ሳይቀምስ አስቀመጠ።

«ቡሬ ሄጄ ባለ ማረፊያውን አናግሬዋለሁ» አለ። «ምን እንዳለኝ ታውቃላችሁ? ‹ወረቀት ያለው ባለሙያ ነው የቀጠርሁ፤ ጥፋቱ የራሱ ነው።› እንዲህ ብሎኝ ሻይ አዘዘልኝ። ሻዩን ትቼለት ወጣሁ።»

አያ ክንዱ ወደ ይታገሱ ዞሩ። «መምህር፣ እኔ ማረሻ እንጂ ሽቦ አላውቅም። ደጅ ስወጣ ጠጥቶ ነው ይሉኛል፤ ሥራ ሳያውቅ ገብቶበት ነው ይሉኛል። እስቲ ያስተማሩት እርስዎ አሉ፤ እዚሁ ሰው ፊት ይንገሩኝ። ልጄ ሥራውን ያውቅ ነበር?»

ይታገሱ፣ «ያውቅ ነበር» አለ። «ጎበዝ ነበር። ከክፍሉ አንደኛ ነው የወጣ።»

ወይዘሮ አቻምየለሽ ቀና አሉ፤ ፊታቸው ላይ አንድ ነገር ሊበራ ጀመረ። አድማሴ ግን እጁን ጭኑ ላይ መታ።

«እንግዲያውስ ባለ ማረፊያው ልክ ነው! ሳያውቅ ቢሆን ምስኪን እንለው ነበር። እያወቀ ነዋ! እያወቀ ተዳፍሮ ነው፤ ንቆት ነው።»

ከወዲያ በኩል ያለ አንድ ሰው፣ «ወይም እንደሚባለው…» ብሎ ጠላውን አየና ተወው። አያ ክንዱ አንገታቸውን ደፉ። ወይዘሮ አቻምየለሽ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ስበው ለመውጣት ተነሡ። ይታገሱ ያደረገው ያን ጊዜ ገባው። ልጁን አመሰገንሁ ብሎ ጥፋቱን መቃብሩ ላይ ጫነበት። አንድ ቃል ሳይጨምር እንዲሁ ቢቀመጥ ማንም አይጠይቀውም፤ ጠላውን ጠጥቶ፣ ነፍስ ይማር ብሎ፣ በክብር ይሸኛል።

«አይውጡ፣ እትዬ» አለ። ተነሥቶ ቆመ። «አልጨረስሁም።»

እንዲህ ነው ብሎ ጀመረ። ስለ ሰሌዳው፣ ስለ ተቆለፈው ቴስተር፣ መብራት ሲጠፋ ልጆቹን እንዴት ያስነሣ እንደነበር፣ ምን እያለ ያስነሣቸው እንደነበር ነገራቸው፤ ከዚያ ቀጠለ። መብራት ጠፋ ማለት ሽቦው ሞተ ማለት አይደለም፤ ጀነሬተር ካለ ተመልሶ ይመጣል፤ ስለዚህ መብራት ኖረም አልኖረም መጀመሪያ ዋናው ይጠፋል። ዋናውን ማጥፋቱን በወረቀት አስተምሬአቸዋለሁ፤ በእጃቸው ግን ያስተማርኋቸው ተቃራኒውን ነው። ልጁ አልጠጣም። አልናቀም። ያን ቀን ጧቱን ሙሉ የጠበቀው እኔ ጠብቅ ስላልሁት ነው። አንዴ ከመስኮት ውጭ አንደኛው ልጅ ስለ ጀነሬተር ሲጠይቅ ሰምቻለሁ፤ ወጥቼ አልመለስሁለትም። ያ ወረቀት ላይ ብቁ ነው ብሎ የፈረመው እጅ ይኸው ነው። እኔ ራሴ በሰው ቤት መስመር ዘርግቼ አላውቅም። ሲጨርስ የት እንደሚያይ ስላላወቀ ጫማውን አየ። አቧራ ለብሷል።

መጀመሪያ የተናገሩት እናትየው ናቸው። ድምፃቸው ቀስ ያለ ነበር። «የተባለውን ነው ያደረገ?»

«የተባለውን ነው ያደረገ።»

«ታዛዥ ነበር እኮ» አሉ፣ ለሴቶቹ፣ እንደ ምስክር። «ከልጅነቱም ታዛዥ ነበር። ግባ ሲሉት ይገባል፣ ጠብቅ ሲሉት ይጠብቃል። አልነገርኋችሁም? ታዛዥ ነበር ልጄ!» አሉና ያ አርባ ቀን ትንፋሽ የነበረው ድምፅ ለቅሶ ሆነ፤ ሴቶቹም ተቀበሏቸው።

አድማሴ ዘሎ ተነሣ። «ውጣ! ጠላችንን ጠጥተህ፣ አጎዛችን ላይ ተቀምጠህ! ውጣልን አንተ!» ክንዱን ጨምድዶ ያዘው። ቄሱ በመስቀላቸው ደረቱን ገፋ አደረጉትና፣ «በሙት ቤት!» አሉት፤ ለቀቀው። አያ ክንዱ ተነሥተው በጓሮ በኩል ወጡ። ይታገሱ ባለበት ቆሞ ቀረ፤ የሚቀመጥበት ቦታ ያለው አልመሰለውም። ለቅሶው ሲበርድ ወይዘሮ አቻምየለሽ ፊታቸውን በነጠላቸው ጠርገው አዩት። ዓይናቸው ውስጥ ቁጣ ፈለገ፤ አላገኘም፤ ማግኘት በወደደ ነበር።

«እንዲያ አድርገው ያስተማሯቸው ስንት ናቸው?» አሉት።

«በሁለት ዙር አርባ ሰባት ነበሩ።»

«የኔን ሲያወጡስ?»

«አርባ ስድስት።»

«እነሱም መብራት እስኪጠፋ የሚጠብቁ ናቸው?»

ይታገሱ ይህን ራሱን ጠይቆ አያውቅም ነበር። ስመኘው ከነገረው ቀን ወዲህ ክፍል ውስጥ መብራት ሲጠፋ አዲሶቹ ልጆች «ጋሼ፣ ጠፋ!» እያሉ ሲነሡ «ተቀመጡ» ይላቸዋል፤ ለምን እንደሆነ ግን አልነገራቸውም። ተመርቀው ስለ ወጡትማ አላሰበም። አሁን በየጣሪያው፣ በየመሰላሉ ታዩት። «ይመስለኛል» አለ።

«አሁን የሚያስተምሯቸውን ነገ ይነግሯቸዋል። የወጡትን ደግሞ ይሂዱና ይንገሯቸው።»

ይታገሱ ምክንያት ደረደረ። ስልካቸው ተቀያይሯል፤ ቡሬ ያሉ አሉ፣ ዱርቤቴ ያሉ አሉ፣ ግማሹ አዲስ አበባ ነው፣ ሁለት ሴቶች አረብ አገር ገብተዋል። መንገዱም አንድ ቀን ቢከፈት አንድ ቀን ይዘጋል። ማሰልጠኛውም ይህን በሰማ ቀን ያባርረኛል አለ፤ ይህን ሲናገር የራሱ ድምፅ አስጠላው።

«አረብ አገር ያሉትን በስልክ» አሉ ወይዘሮ አቻምየለሽ። «የቀሩትን በእግር። እናት አላቸው።»

አያ ክንዱ በጓሮው በር ተመልሰው ገብተው ቆመው ነበር፤ ከመቼ ጀምሮ እንደሰሙ አልታወቀም። እጃቸው ላይ ገለባ ተጣብቋል።

«መቼ ነው የሚሄዱ?» አሉ።

«ማክሰኞ… ማክሰኞ እጀምራለሁ። ከስመኘው።»

«እኔም አብሬዎ እሄዳለሁ።»

«አይሆንም፣ አያ ክንዱ!» ይታገሱ ደነገጠ። «እርስዎ ምን በወጣዎት? ሐዘንተኛ ነዎት፤ ሩቅ ነው። እኔ ብቻዬን እጨርሰዋለሁ፤ ማርያምን እጨርሰዋለሁ።»

«ብቻዎን ቢሄዱ ‹ጋሼ መጡ› ብለው ሻይ ይጋብዙዎታል፤ አዎ ጋሼ ብለው ይሸኙዎታል። በማግስቱ ይረሱታል። እኔን ካዩ ግን አይረሱም።»

ይታገሱ አንዱን ቤት በዓይነ ሕሊናው አየው፤ እሱ ሲናገር፣ እኒህ ሰው ከጎኑ ቆመው ሲሰሙ። ከዚያ ሌላውን ቤት። ከዚያ ሌላውን። «እርስዎ እየሰሙኝ መናገር አልችልም» አለ፤ እውነቱን ነበር።

«እኔም መስማት የምችል አይመስለኝም» አሉ አያ ክንዱ። «ግን ሌላ ምን አለን? አንድ ነገር ብቻ፤ ጎበዝ ነበር ብለው አይጀምሩ። ዛሬ እንደጀመሩት አይጀምሩ።»

ውጭ በረቱ በኩል አንድ ጥጃ ጮኸ፤ እናቱ መለሰችለት። ይታገሱ «እሽ» አለ። ማክሰኞ ጧት ቡሬ መናኸሪያ ሊገናኙ፣ ከስመኘው ሊጀምሩ፣ በየደረሱበት ቤት አባትየው ከጎኑ ቆመው እየሰሙት፣ ምንም ሳይቀንስ፣ አርባ ስድስት ጊዜ ሊናገረው ተስማማ።